ሳቅ የማይችለው ድልድይ

የከተማችንን ስም አልነግራችሁም። ነግሬያችሁ፣ መጥታችሁ ብትስቁ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ብቻ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች፣ ሎሚ የማይጠፋባት፣ ሰዉ ሁሉ ከቀብር የሚመለስ የሚመስልባት ከተማ ናት። እኔ ጥጋቡ እባላለሁ። ስሜን ያወጡልኝ ሰዎች ምን እንደታያቸው አላውቅም፣ ግን አልተሳሳቱም።

እኛ ጋ ነገር ሁሉ የሚሠራው በድግምት ነው። ቤት ሲሠራ ምሰሶ አይተከልም። ደጋሚ ይመጣል፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ትንሽ ያነበንባል፣ ጣሪያው አየር ላይ ይቆማል፣ አለቀ። ውሃ ቀጂ የለም። እንስራው ራሱ ከምንጩ ይነሳና መንገዱን ይዞ፣ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ፣ ቤትህ ገብቶ ከራስህ በላይ ይንጠለጠላል። ሲጠማህ ጎንበስ ይልልሃል። መሰላል የለም፣ ምስማር የለም፣ ማጠፊያ የለም። ድሮ አናጢ የሚባል ሰው ነበር ይባላል። የመጨረሻው አናጢ መዶሻ የከተማው አዳራሽ ውስጥ መስታወት ተደርጎበት ተቀምጧል፤ ከሥሩ «ጥቅሙ ያልታወቀ ብረት» የሚል ተጽፎበታል አሉ። ልጆች በወረፋ ያዩታል።

ድግምቱ ታዲያ አንድ አመል አለበት። ሳቅ አይችልም።

ለምን እንደማይችል የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቁትም አይናገሩም። ብቻ አጠገቡ ሰው ሲስቅ ሥራውን ይረሳዋል። ፈገግ ካልክ ይንገዳገዳል። ክትክት ብለህ ከሳቅክ ጣሪያው ራስህ ላይ ነው። ስለዚህ ሰፈራችን ውስጥ እንስራ ሲሰበር ጎረቤት «ምን ተሰበረ?» አይልም፤ «ማነው የሳቀው?» ነው የሚለው። ደጁ ላይ ገል የበዛበት ቤት ሴት ልጁን የሚጠይቅለት የለም።

የአገሩ ወግ እንዳለ ከዚህች አመል ነው የወጣው ብላችሁ አትሳሳቱም። ሰላምታችን «ፊትዎ ይክበድ» ነው። መልሱ «የእርስዎም አይቅለል»። ሠርግ ላይ ሙሽራው ጥርሱ ከታየ ሠርጉ ይፈርሳል፣ ከነዳሱ። የከተማው ቱጃሮች ሎሚ ነጋዴዎች ናቸው፤ ሰው ሳቁ ሲመጣበት ግማሽ ሎሚ አፉ ውስጥ ከትቶ ይነክሳል። ከሹሞች ሁሉ በላይ ያለው ደግሞ የቁም ነገር ሹም ነው። እሱ የሚመረጠው በፈተና ነው። አንዲት ፍየል ኮፍያ አድርጋ በተፈታኞቹ ፊት ታልፋለች። ያልሳቀ ይሾማል። ሹም ቀጸላ ፍየሏን አይተው አይተው «ኮፍያው ጠቧታል» ብለው ነው አሉ የተሾሙት።

እኔ ተምሬያለሁ ብዬ አልዋሽም። ትምህርት ቤት የገባሁ ሰሞን የመምህራችን ወንበር አየር ላይ ነበር። እኔ አንዲት ትንሽ ነገር አደረግኩ፣ ክፍሉ ሳቀ፣ መምህሩ ወረዱ። ከዛ ወዲህ ፊደልን የማውቃት በዓይን ብቻ ነው፣ እንደ ጎረቤት ልጅ። ሥራ ያገኘሁት ግን በዚሁ አመሌ ነው። «ሳቅ በየት በኩል እንደሚመጣ የሚያውቅ ሳቂ ነው» ብለው ቆንጣጭ አደረጉኝ። ቆንጣጭ ማለት ስብሰባና ለቅሶ ላይ ከኋላ ቆሞ፣ ሳቅ የጀማመረውን ሰው ጭኑ ላይ ቁንጥጥ የሚያደርግ ነው። ጥፍሬን አሳድጌ፣ ሞርጄ፣ የታወቅኩ ቆንጣጭ ሆንኩ። ከእኔ እጅ ያልቀመሰ ባለሥልጣን የለም። ይሄ ሥራ አይደለም ትላላችሁ? ባለሥልጣን እየቆነጠጣችሁ ደሞዝ ተከፍሏችሁ ያውቃል?

አንድ የሚያስቸግር ነገር ብቻ አለ። ሕፃን ሎሚ አይችልም።

ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ነው። ሕፃን መጀመሪያ በሳቀ በማግሥቱ ከእናቱ ይወሰድና ከገደሉ ማዶ ሳቂታ ሰፈር ይገባል። እዛ ድግምት የለም፤ ጎጆው በእንጨትና በጭቃ ነው፣ ልጁ እንደልቡ ይስቃል። የሚመለሰው የወተት ጥርሱ ሲነቀል ነው፤ ጥርሱን በእጁ ይዞ በር ላይ ያሳያል። እናት መሄድ አይፈቀድላትም፤ ልጇን አይታ ፊቷን መሰብሰብ አትችልም ተብሎ። ሁላችንም በዚያ ነው ያለፍነው። እኔ ቶሎ ልመለስ ብዬ ጥርሴን በድንጋይ ነቅንቄዋለሁ። ሞግዚቶቹ ያዙኝ።

ከሳቂታ ሰፈር የማስታውሰው ትንሽ ነው። ጭቃ። ፍልፈል። አንዲት ሴት ደግሞ አለች፤ ጎህ ሲቀድ ፊቷን ተከናንባ አጥሩ ጋ ትመጣና በቀዳዳው ጣቷን አስገብታ ሆዴን ትኮረኩረኛለች። ሳቋ ለየት ያለ ነው፤ መጀመሪያ ልታስነጥስ እንዳለች ሰው ትንፋሿ ቁርጥ ይላል፣ ከዛ እንደ ጫጩት ይበተናል። ለሞግዚቶቹ ስነግራቸው «ሕልም ነው» አሉኝ። እኔም ሕልም ነው ብዬ ተውኩት።

እናቴ ትሆናለች ብሎ ማሰብ አይቻልም። እማዬን፣ ወይዘሮ ይመናሹን፣ አታውቋትም። ከተማው ውስጥ ሎሚ ገዝታ የማታውቅ ሴት እሷ ብቻ ናት። አያስፈልጋትማ! ሹም ቀጸላ ራሳቸው መንገድ ላይ ሲያገኟት ፊታቸውን ያስተካክላሉ።

እንግዲህ እህቴ ትብለጥ ወለደች። ሴት ልጅ። ባሏ ሎሚ ሊያመጣ ቆላ ወርዷል። ልጅቷን ሚጣ እንላታለን፤ ስም የሚወጣው ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ነው። ትብለጥ ሚጣ እንዳትስቅ ቤቱን እንዳለ ጥቁር ጨርቅ አልብሳዋለች። ድመቷን አባራለች። እኔን ከአራስ ቤቱ በር እንዳላልፍ ከልክላኛለች።

«አንተ ስታስነጥስ እንኳ ያስቃል» አለችኝ።

«የፊቴ ጥፋት ነው?»

«አዎ!»

በኋላ ትንሽ አዘነችልኝና አስገባችኝ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እንድቀመጥ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንደዛ ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ፣ ትብለጥ ጓሮ ጨርቅ ስታጥብ፣ እማዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሚጣ ላይ አጎንብሳ ስትጠቀልላት፣ ሚጣ ሳቀች። ማለቴ ተንከተከተች። እንስራው ከላይ መጣና ዷ! ጣሪያው ክንድ ያህል ወረደ። መብራቱም ወደቀ።

ትብለጥ እጇ ሳሙና እንደሆነ ሮጣ ገባች። እማዬን አየቻት፤ እማዬ ፊቷ ድንጋይ ነው። ከዛ እኔን አየች።

«ጥጋቡ!»

«እኔ ምን አደረግኩ? ግድግዳ እያየሁ ነው!»

«ግድግዳውን ምን ብለህ አየኸው?»

«እማዬ ንገሪያት እንጂ!»

እማዬ ገሉን እየለቀመች «ልጅ ሆኖ የማይስቅ የለም» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ጎረቤት ግን ተናግሮ ነበር። የእንስራው ድምፅ ሳይጠፋ «ማነው የሳቀው?» የሚለው ከአጥር አጥር ዞሮ፣ ሹም ቀጸላ ሁለት ዘበኛ አስከትለው ደጃችን ቆሙ።

«ፊታችሁ ይክበድ» አሉ።

«የእርስዎም አይቅለል» አልን።

«ነገ ረፋድ ላይ ትወሰዳለች። ሕጉን ታውቁታላችሁ። ሹሙ ሕፃኗን ይዞ ይሻገራል፤ ቤተሰብ እስከ ድልድዩ ወገብ ይሸኛል።» ወደ እኔ ዞሩ። «ቆንጣጩ ደግሞ ከጎኔ ይሆናል። ልጅቷ ድልድዩ ላይ እንዳትስቅ።»

«የእህቴ ልጅ ናት እኮ ጌታዬ።»

«ሥራህ አይደለም እንዴ?»

ሥራዬ ነው። ምን እላለሁ?

ትብለጥ ከዛች ሰዓት ጀምሮ አላናገረችኝም። ሚጣን ታቅፋ ተቀመጠች። አታለቅስም፣ አትጮህም። የሕፃኗን ጣቶች አንድ በአንድ ትስማለች፣ ጨርሳ እንደገና ከአውራ ጣት ትጀምራለች። እኔ ብዙ ሰው አስቄ አውቃለሁ፣ እንስራም አሰብሬ አውቃለሁ፤ እንደዛ ቀን ግን ቀልድ ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ድልድዩን ልንገራችሁ። ሳንቃ ነው፣ አየር ላይ የተደረደረ። ከሥሩ ምንም የለም። ከምንምም በታች ጉም ነው። ከጉሙ በታች ደግሞ መጨረሻ የለውም ይባላል። አይቶ ያረጋገጠ የለም፤ ምክንያቱም ድልድዩ ላይ ሆኖ ወደ ታች ማየት ክልክል ነው። ወደ ታች ያየ ይዞርበታል፣ የዞረበት ሰው ደግሞ ይስቃል ተብሎ። ይሄን ሕግ አመልክተው ያስወጡት የሴቶች ዕድር አባላት ናቸው ይባላል። ለምን እንዳመለከቱ የጠየቀ የለም።

በማግሥቱ ሄድን። ሎሚ አዳዩ የድልድዩ በር ላይ ቆሞ ለእያንዳንዳችን ግማሽ ሎሚ ሰጠን። ለእማዬ ሊሰጣት እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ሹም ቀጸላ ሎሚያቸውን ነክሰው፣ ሚጣን እንደ ትሪ ከፊታቸው ይዘው ቀደሙ። እኔ ከጎን። ከኋላችን ትብለጥና እማዬ፣ ዘበኞቹ፣ የሰፈር ሴቶች። ሁሉም ሰማይ ሰማዩን ያያል።

ትንሽ እንደሄድን ሹሙ በሎሚው መሃል «ቆንጣጭ» አሉ።

«አቤት ጌታዬ።»

«ልጅቷ ፊቴን እያየች ነው።»

«ፊትዎ ያምራል ጌታዬ።»

«ልትስቅ ነው። ቆንጥጥ።»

ዞር ብዬ ትብለጥን አየኋት። «ሞክራትና» አለችኝ፣ ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው፣ «ጥፍርህን ከነጣትህ ነው የምወስደው።»

እማዬን አየኋት። ሰማይ ታያለች።

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው። ከቆነጠጥኳት ታለቅሳለች፣ ድልድዩ ይጸናል፣ ማዶ ትሻገራለች፣ ጥርሷ እስኪነቀል አናያትም፤ የመጨረሻ የምታስታውሰው የአጎቷን ጥፍር ነው። ካልቆነጠጥኳት ሁላችንም፣ እናቴም እህቴም ሚጣ ራሷም፣ መጨረሻ የለውም ወደተባለው መሄዳችን ነው። በሕይወቴ ቁም ነገር አስቤ አላውቅም ነበር። ድልድይ ላይ ይጀመራል ብዬ አልጠበቅኩም።

«የት ጋ ልቆንጥጣት ጌታዬ?»

«ጭኗ ላይ ነዋ!»

«በሦስት ጨርቅ ተጠቅልላለች። ጭኗ የት እንደሆነ ራሷም አታውቅ።»

«ጉንጯን!»

«ጉንጭ የእኛ ሥራ አይደለም። የጉንጭ ቆንጣጮች ማኅበር ይከሰኛል።»

«ጥጋቡ!»

እዚህ ላይ ሚጣ እጇን አወጣችና የሹሙን ጢም ጨበጠች። ጎተተች። ሹሙ አፋቸው ተከፈተ፣ ሎሚው ፈንጠር ብሎ ወጣና ዘበኛው አፍንጫ ላይ ጧ አለ። ሚጣ እንዲህ ያለ ነገር ከተወለደች ወዲህ አላየችም። ተንከተከተች።

ድልድዩ ክንድ ያህል ወረደ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያያዙ።

«ጸጥ!» አሉ ሹሙ። ለልጅቷ ይሁን ለድልድዩ አልለየሁም። ድምፃቸው ግን ልክ አልነበረም። አየኋቸው። የታችኛው ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ ይሄን ከንፈር አውቀዋለሁ፤ ከዚህ ከንፈር ነው እንጀራዬን የምበላው።

«ጥጋቡ» አሉኝ ቀስ ብለው። በስሜ ሲጠሩኝ ሁለተኛ ጊዜያቸው ነው። «ቆንጥጠኝ።»

«እርስዎን?»

«ቶሎ በል ልጄ!»

ሥራ ሥራ ነው። ጭናቸውን ያዝኩና በሞረድኩት ጥፍር፣ ከልቤ፣ ቁንጥጥ። ከሹሙ ጉሮሮ የወጣው ድምፅ ግን የሰው አልነበረም። «ሜእእእ!» አሉ። ልክ እንደዛች ኮፍያ እንዳደረገችው ፍየል።

በቃ። መጀመሪያ አፍንጫው የተመታው ዘበኛ በሳቅ ፈነዳ። ሎሚው በአፍንጫው ወጣ። ከዛ ሁለተኛው ዘበኛ። ከዛ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቀጠቁ፣ ነጠላ ግን ሎሚ አይደለም። ሹም ቀጸላ ራሳቸው፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ «አትሳቁ! ክልክል... ክልክል ነው!» እያሉ ሆዳቸውን ይዘዋል። ሚጣ ከሁሉም በላይ ትስቃለች። ድልድዩም እንደ ግመል፣ መጀመሪያ በፊት እግሩ፣ ቀጥሎ በኋላው፣ እየተንበረከከ መውረድ ጀመረ። ጉሙ ውስጥ ገባን። ከላይ ከከተማው የእንስራ ድምፅ መጣ፤ ዷ፣ ዷ፣ ዷ፣ ከሰፈር ሰፈር። የትብለጥን ነጠላ ጨብጬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

እግሬ ራሰ።

ስገልጥ ውሃ ውስጥ ቆመናል። ቁርጭምጭሚት አያልፍም። ጥርት ያለች ወንዝ፣ ከሥሯ ጠጠር። መጨረሻ የለውም የተባለው ገደል መጨረሻው እዚህ ነበር። ሳቁ ቆመ። ሰው ሁሉ እግሩን ያያል።

ከድልድዩ ሳንቃ አለፍ ብሎ፣ ከወንዙ ወዲህ ማዶ እስከ ወዲያ ማዶ፣ መረማመጃ ድንጋይ ተደርድሯል። ሰው የደረደረው ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ መሃሉ ጎድጉዷል፣ የእግር ቅርፅ ይዞ፤ እንዲህ የሚጎደጉደው ብዙ ሰው ብዙ ዘመን ሲረግጠው ነው። በወዲህ፣ በከተማው በኩል፣ ከሎሚ ዛፎች ሥር ቀጭን መንገድ ትወርዳለች። በወዲያ በኩል ወደ ሳቂታ ሰፈር አጥር ትወጣለች።

«ይሄን ማን ሠራው?» አሉ ሹሙ።

የሰፈር ሴቶች እንደገና ሰማይ ማየት ጀመሩ።

እማዬ ብቻ ጎንበስ አለችና ጫማዋን አወለቀች። ሹም ቀጸላ ጋ ሄደች። ሚጣን ከእጃቸው ወሰደች፣ እሳቸውም ዕቃ እንደሚያስረክብ ሰው ሰጧት። ከዛ ድንጋዮቹ ላይ ወጣች። አታያቸውም። አንዱን ረገጠች፣ ሁለተኛውን ረገጠች፣ አንዱን ዘለለች፣ ቀጠለች። መሃል ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ለትብለጥ፦

«ነይ እንጂ። ሦስተኛዋን እንዳትረግጫት፣ ትወዛወዛለች።»

ትብለጥ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

«ወይዘሮ ይመናሹ» አሉ ሹሙ። «እርስዎ... ይሄን እንዴት አወቁ?»

«ወልጃለሁ እኮ ጌታዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እኔ ከእናቴ ነው የሰማሁት። እሷም ከእናቷ።»

ሹሙ ማዶውን አዩ። አጥሩን አዩ። ቀዳዳ ቀዳዳ የበዛበት አጥር ነው፣ ቀዳዳዎቹ ሁሉ በሕፃን ሆድ ልክ ዝቅ ያሉ። ረጅም ጊዜ አዩት። እሳቸውም ጥርሳቸውን በእጃቸው ይዘው የተመለሱ ናቸው እኮ፣ እንደማናችንም። ሆዳቸውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉ።

ሚጣ የሹሙ ጢም ስለቀረባት ልታለቅስ ጀማምሯት ነበር። እማዬ ፊቷን ወደ ልጅቷ አቀረበች። ጉንጮቿን ነፋች፣ ዓይኖቿን አፍንጫዋ ላይ ሰበሰበች፣ ምላሷን በጎን አወጣችና ጆሮዎቿን አንቀሳቀሰች። እናቴ! ጆሮዋ እንደሚንቀሳቀስ እንኳ አላውቅም ነበር። ሚጣ ተንከተከተች፣ ልክ እንደ ቅዳሜው።

«እማዬ!» አልኩ። «ትናንት... አንቺ ነሽ እንዴ!»

«ግድግዳውን እያየህ አልነበረም?» አለችና ልታስነጥስ እንዳለች ሰው ትንፋሿ ቁርጥ አለ። ከዛ ሳቋ እንደ ጫጩት ተበተነ።

ጭቃው መጣብኝ። ፍልፈሉ፣ የአጥሩ ቀዳዳ፣ ጣቷ። ሕልም ነው ያሉኝ ሁሉ።

«እማዬ...»

«ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ? ና እጄን ያዘኝ፣ ጉልበቴ እንደ ድሮ አይደለም።»

ሄድኩና ያዝኳት። ትብለጥ በሌላ በኩል መጣች፣ ሚጣን ተቀበለቻት፣ እኔን ደግሞ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ይሄ በእኛ ቤት ይቅርታ ነው። ሴቶቹ ጫማቸውን እያወለቁ ተከተሉ፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ አንዷም ድንጋዮቹን አላየችም፣ ሁሉም ሦስተኛዋ ጋ ሲደርሱ ዘለሉ። በላይ በአጥሩ ቀዳዳ ትናንሽ ጣቶች መውጣት ጀመሩ።

ከኋላችን ሹም ቀጸላ ጫማቸውን አውልቀው፣ በብብታቸው ይዘው፣ ቁም ነገር በተሞላ ፊት አንደኛዋን ድንጋይ ረገጡ። ሁለተኛዋን ረገጡ። ቆሙ።

«የትኛዋን ነው አትርገጡ ያላችሁት?» ብለው ጠየቁ።

ልንነግራቸው ዞር ስንል ጊዜ አልሰጡንም። ረገጧት። እግራቸው ሰማይ አየ፣ እሳቸው ወንዙን፤ ኮፍያቸው ብቻዋን ቁልቁል በውሃው ሄደች።

ከዛ በኋላ ያን ቀን ማንም ማንንም አልቆነጠጠም።